ከቱሪን እስከ እንጦጦ አቀበት፦ የአንድ መኪና ቤተሰብ ታሪክ

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያመራው ጠመዝማዛ መንገድ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት አቀበቶች መካከል መኪናን አጥብቀው ከሚፈትኑት አንዱ ነው። በምሥራቁ በኩል፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በላይ የሚገኙት ዳገቶችም ቢሆኑ ከዚህ የሚያንሱ አይደሉም። ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረ ሲሆን የእንጦጦ ሰንሰለት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይዘልቃል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚያስገኘው ጉልበት ሩቡን፣ አቀበቱ ሲጨምርም እስከ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ 60 የፈረስ ጉልበት እንዳለው የተጻፈለት መኪና የእንጦጦን ወገብ የሚወጣው ከ40 እምብዛም ባልበለጠ ጉልበት ነው።

ይህም ሆኖ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ላዳ ታክሲ ተሳፋሪዋንና ጓዙን ጭና ይህን አቀበት ለአሥርተ ዓመታት ወጥታለች። ሞተሯ እየጮኸ፣ ማርሿ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ እየወረደ፣ አንዳንድ ጊዜም ራዲያተሯ ፈልቶ ከመንገድ ዳር ቆማ ውኃ እየተጨመረላት፣ ብቻ ወጥታለች። ይህች ታታሪ መኪና የተወለደችበት ቤተሰብ ግን በዓለም ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በሌላ ልጁ ነው። ያም ልጅ መልከ መልካሙ፣ ፈጣኑና ብዙ የተወደሰው ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ነበር። መልከ መልካሙ ወንድም በስምንት ዓመቱ ከምርት ሲወጣ፣ ተራዪቱ እኅት ከአርባ ዓመት በላይ ስትመረት ኖረች። የሁለቱ ዕጣ እንዲህ ሊለያይ የቻለበትን ምክንያት መመርመር ስለ መኪና ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ኅብረተሰብ ከውጭ የመጣን መሣሪያ እንዴት የራሱ እንደሚያደርገው ለመረዳት የሚያግዝ ነው።

የእንጦጦና የተሽከርካሪ ግንኙነት ረጅም ታሪክ አለው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ ላይ ባደረጉበት ዘመን፣ ወደ ተራራው የሚወጣው ዕቃ ሁሉ በሰው ጫንቃና በአጋሰስ ጀርባ የሚጓጓዝ ነበር። ብርዱ፣ የማገዶው እጥረትና የአቀበቱ ድካም ተደማምረው በ1879 ዓ.ም. ከተማው ወደ ፍል ውኃ አካባቢ እንዲወርድ ምክንያት ሆኑ። አዲስ አበባ የተወለደችው እንግዲህ በከፊል በመጓጓዣ ችግር ምክንያት ነው ለማለት ይቻላል። ከዚያም በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚንቀሳቀሰውን ከባድ ሞተር ወደ አገር አስገባ። የከተማው ሕዝብ “የሰርኪስ ባቡር” የሚል ስም ሰጥቶት እስከ ዛሬ ይታወሳል። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ቤንትሌ ሲድሊ የተባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ እየነዳ አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩበት። ይሁን እንጂ አውቶሞቢል ለረጅም ዓመታት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጌጥ እንጂ የሰፊው ሕዝብ መገልገያ አልነበረም።

ሁኔታውን በመሠረቱ የለወጠው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት አምስት የመከራ ዓመታት ወራሪው ሠራዊቱንና ስንቁን ለማንቀሳቀስ መንገድ ዘረጋ፣ ጋራዥ ከፈተ፣ ብዛት ያላቸውን የጭነት መኪናዎች አስገባ። በእነዚህ ጋራዦች ውስጥ በረዳትነት የተቀጠሩ ኢትዮጵያውያን ሙያውን በዓይንና በእጅ ቀሰሙ። ወራሪው በአርበኞች ተጋድሎና በተባባሪ ኃይሎች እርዳታ ተባረረ፤ የሙያው ቃላት ግን ተማርከው ቀሩ። ዛሬም ቢሆን በማናቸውም የኢትዮጵያ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴና ፒንሳ ሲባል ይሰማል። የእነዚህ ቃላት ምንጭ የኢጣልያ ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛ ድምፅ ተሞርደው፣ በአማርኛ ሰዋስው እየተረቡና እየተዛረፉ የአገር ቋንቋ አካል ሆነዋል። ይህ የቃላት ቅርስ ወደ ኋላ እንደሚታየው በላዳ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ድርሻ አለው።

ከነፃነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የፊያት ስም ከኢትዮጵያ መንገዶች አልጠፋም። ኤን ትሬ የሚባለው ከባድ የጭነት መኪና አገር አቋራጩን መንገድ ሲይዝ፣ በከተማ ውስጥ ደግሞ ትንሿ ፊያት 600፣ ሕዝቡ እንደሚጠራት ሴይቼንቶ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የታክሲነቱን ሥራ ያዘች። ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠው ይህች መኪና ሰውነቷ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም በጋራ ክፍያ ተሳፋሪ እያሰባሰበች የአዲስ አበባን ሠራተኛ፣ ተማሪና ነጋዴ አመላልሳለች። የአዲስ አበባ ታክሲ ሰማያዊና ነጭ መልክ በከተማው ሕዝብ አእምሮ የተቀረጸው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

ሴይቼንቶ በአዲስ አበባ ስትሮጥ በሠሪዎቿ አገር ታላቅ ሥራ ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የፊያት ኩባንያ በቱሪን ከተማ 124 የተባለውን አዲስ የቤተሰብ መኪና አቀረበ። ቅርጹ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለ፣ ጌጥ ያልበዛበት፣ ውስጡ ሰፊ፣ ክብደቱ ቀላል ነበር። በ1967 በአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ከዚሁ መሠረት ላይ የተሠራው ስፖርት ኩፔ በጄኔቫ ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ።

ኩፔ የሚባለው ሁለት በር ብቻ ያለው፣ ጣሪያው ወደ ኋላ ዝቅ እያለ የሚወርድ የመኪና ዓይነት ነው። የ124 ኩፔ ግን ከብዙዎቹ አቻዎቹ የሚለይበት ጠባይ ነበረው። አራት ሰዎች በምቾት የሚቀመጡበት፣ ትልልቅ መስኮትና ቀጫጭን ምሰሶ ያለው፣ መጠኑ መካከለኛ፣ ዋጋውም ከታላላቆቹ የስፖርት መኪናዎች ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ነበር። ሞተሩን የነደፈው ቀደም ሲል በፌራሪ ቤት ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ከሲሊንደሩ ራስ በላይ ሁለት የካም ዘንጎች የነበሩት ይህ ሞተር፣ ዘንጎቹን የሚያዞረው እንደ ቀድሞዎቹ በሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ባለው የጎማ ቀበቶ በመሆኑ ድምፁ ለስላሳ ነበር። በመጀመሪያው ሞዴል የ1,438 ሲሲ መጠን የነበረው ሲሆን በኋላ እስከ 1,756 ሲሲ አድጓል። በአራቱም ጎማዎች ላይ የዲስክ ፍሬን ነበረው፤ ፍጥነቱም በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። በሦስት ተከታታይ ሞዴሎች ከሩብ ሚሊዮን የሚበልጥ ኩፔ ተመርቷል። የኪነ ጥበብ ሰው ዓይን ካለው፣ በዚህ መኪና ላይ የኢጣልያ ንድፍ በዚያ ዘመን የደረሰበትን የውበት ልክ ለማየት ይችላል፤ ያልተጋነነ፣ ሥራውን በቅጡ የሚያውቅ ውበት ነው።

የኩፔውን ዕድሜ ካሳጠሩት ነገሮች አንዱ ከቱሪን ውጭ የመጣ ነበር። በመስከረም ወር መጨረሻ 1966 ዓ.ም. በመካከለኛው ምሥራቅ የተነሣው ጦርነት የዓለምን የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ እጅግ አናረው። በአውሮፓ ለደስታ ተብሎ በፍጥነት መንዳት እንደ ቅንጦት ተቆጠረ፤ የስፖርት መኪና ገበያ ቀዘቀዘ። ፊያትም በእጁ የነበረውን ገንዘብና ጉልበት 131 ወደተባለው አዲስ የቤተሰብ መኪና አዞረ። ዕድሜው የገፋው 124 ኩፔ እ.ኤ.አ. በ1975 ተቋረጠ፤ ተተኪም በቀጥታ አልተደረገለትም። ሞተሩ ግን ከአካሉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ። የላምፕሬዲ ሥራ እየተሻሻለ በፊያትና በላንቺያ መኪናዎች ውስጥ ገብቶ ከ1977 እስከ 1992 በተደረጉት የዓለም ራሊ ውድድሮች አሥር የአምራቾች ሻምፒዮና አስገኝቷል።

ያው የነዳጅ ዋጋ ንረት በአዲስ አበባ ከዚህ እጅግ የከበደ ውጤት አስከተለ። በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በጨመረ ጊዜ፣ የታሪፍ ጭማሪ ያልተፈቀደላቸው የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ሰሞን መምህራን ሴክተር ሪቪው በመባል የታወቀውን የትምህርት ጥናት በመቃወም አድማ ላይ ነበሩ፤ ተማሪዎችም ከጎናቸው ተሰልፈው ነበር። የመምህሩ ጠመኔና የታክሲ ነጂው መሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥራ ፈቱ። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ለመቀነስና የትምህርቱን ጥናት ለማዘግየት ተገደደ፤ ነገር ግን የተነሣው የሕዝብ እንቅስቃሴ በዚያ የሚቆም አልነበረም። በቱሪን የስፖርት መኪናውን ያዳከመው የዋጋ ንረት፣ በአዲስ አበባ ለዘመናት የጸናውን ሥርዓት ካናጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ሴይቼንቶም በትንሽ ሰውነቷ በታላቅ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አገኘች።

የቤተሰቡ ሌላው ቅርንጫፍ ታሪክ የሚጀምረው በቮልጋ ወንዝ ዳርቻ ነው። የሶቪየት ኅብረት መንግሥት ለሕዝቡ የሚዳረስ የግል መኪና ለማምረት በወሰነ ጊዜ ከፊያት ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ስምምነት አደረገ። በኢጣልያዊው የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው በቶሊያቲ ከተማ፣ በዓመት 660,000 መኪና ለማምረት የታቀደ ግዙፍ ፋብሪካ ተገነባ። ለማምረቻ የተመረጠው ሞዴል ፊያት 124 ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በሚያዝያ ወር 1970 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካው ወጡ። በአገር ውስጥ የተሰጣቸው ስም በቮልጋ ዳርቻ በሚገኙት ኮረብታዎች ስም ዥጉሊ የሚል ሲሆን፣ ወደ ውጭ አገር የሚላኩት ግን ላዳ ተብለው ተጠሩ። የኮረብታ ስም ይዛ የተወለደች መኪና የኋላ ኋላ በእንጦጦ ኮረብታ ላይ ሥራ መያዟ የሚያስደንቅ መገጣጠም ነው።

የሶቪየት መሐንዲሶች የተቀበሉትን መኪና እንዳለ አላመረቱትም። የኢጣልያው 124 በሶቪየት መንገዶች ላይ ሲፈተሽ ድክመቶቹ ተገለጡ። የኋላው የዲስክ ፍሬን በጭቃና በአሸዋ ቶሎ ተበላ፤ በታምቡር ፍሬን ተተካ። የአካሉ ላሜራ ወፈረ፤ መኪናው ከመሬት ያለው ከፍታ ጨመረ፤ ሞላው ተጠናከረ። የሞተሩ የካም ዘንግ ከሲሊንደሩ ራስ በላይ እንዲሆን ተደረገ። ባትሪ በብርድ ሲደክም በእጅ የሚያስነሣ ማኒቬላ የሚገባበት ቀዳዳም ተበጀለት። በአጭሩ፣ ለውበትና ለቅልጥፍና የታሰበው ንድፍ ለጽናት ተቀየረ። ለሰሜኑ በረዶና ጭቃ ተብለው የተደረጉት እነዚህ ለውጦች፣ ማንም አስቀድሞ ሳያስበው ለኢትዮጵያ አቧራና ኮረኮንች የተስማሙ ሆነው ተገኙ።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት በነበራቸው የጠበቀ ግንኙነት ምክንያት ላዳ በብዛት ወደ አገራችን ገባች። በመሥሪያ ቤቶች አገለገለች፣ በግለሰቦች እጅም ገባች፤ ቀስ በቀስም የሴይቼንቶን ሰማያዊና ነጭ ልብስ ለብሳ የታክሲነቱን ሥራ ወረሰች። ብዙ አዳዲስ መሣሪያዎች ወደ አንድ አገር ሲገቡ የሚገጥማቸው ችግር የጥገና ችግር ነው። ሠሪው ሩቅ ነው፤ መጽሐፉ በባዕድ ቋንቋ ተጽፏል፤ ባለሙያው አያውቃቸውም። ላዳ ግን የሩስያ ፓስፖርት ይዛ የመጣች የፊያት ልጅ ነበረች። የኢትዮጵያ መካኒክ ኮፈኗን ሲከፍት ያየው የማያውቀውን ነገር አልነበረም። ካንዴላዋ ካለበት፣ ቴስታታዋ እንዴት እንደሚፈታ፣ ካምቢዮዋ በምን እንደተያዘ ከሞላ ጎደል ያውቀዋል፤ ለእያንዳንዱ ክፍልም ከአባቶቹ የወረሰው ስም አለው። ከቮልጋ የመጣችውን መኪና በኢጣልያ ቃላት በአማርኛ አናገራት።

የላዳ ረጅም ዕድሜ ዋናው ምሥጢርም ከዚህ ላይ ይገኛል። መኪናዋን የሠራት ፋብሪካው ነው፤ ያኖራት ግን ጋራዡ ነው። በየሰፈሩ ጥግ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በዘይት የጠቆረ አነስተኛ ጋራዥ ውስጥ የቀለም ትምህርት እምብዛም ያልነበራቸው ባለሙያዎች ድንቅ ሥራ ሠርተዋል። የተሰበረ ተበይዷል፤ የተበላ ተሞልቷል፤ የጎደለ ከሌላ ሞዴል ተወስዶ ተሞርዶ ተገጥሟል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ አንዲት ቁራጭ ክፍል ለማግኘት የሚደረገው ፍለጋና ክርክር ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ሙያው የሚተላለፈው በቃል ነው። ወጣቱ መጀመሪያ ቡሎን እያጠበ፣ ቀጥሎ መፍቻ እያቀበለ፣ ከዚያም የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰምቶ በሽታውን እያወቀ ያድጋል። በዚህ መንገድ የሚተላለፍ ዕውቀት ከሸማኔው፣ ከቀጥቃጩና ከሸክላ ሠሪዋ ጥበብ በአኳኋኑ የሚለይ አይደለም።

ላዳ ለነጂዋም ከመኪና በላይ ነበረች። አንዲት ላዳ የአንድ ቤተሰብ እርሻ ማለት ነበረች፤ የልጆች የትምህርት ወጪ፣ የቤት ኪራይና የዕለት ጉርስ ከመሪዋ ይወጣ ነበር። ቆጣሪ ስለሌላት ዋጋው የሚወሰነው በመስኮት በኩል በሚደረግ ድርድር ነው። “ኮንትራት ነው?” የሚለው ጥያቄ የከተማው ኑሮ የተለመደ ቃል ሆነ። ምጥ የያዛትን ሴት በእኩለ ሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ያደረሰች፣ ሙሽራ ያጀበች፣ ለቅሶ ያደረሰች እርሷ ናት። በመስታወቷ ላይ የሚለጠፈው የቅዱሳን ሥዕል ወይም ምክር አዘል ጥቅስ፣ የወንበሯ ልብስና የመሪዋ ሽፋን የነጂውን ጠባይና እምነት የሚናገሩ የሕዝብ ጥበብ ውጤቶች ናቸው። “ላዳ” የሚለው ስም በመጨረሻ የፋብሪካ ስም መሆኑ ቀርቶ ለማናቸውም አነስተኛ የኮንትራት ታክሲ የሚሰጥ የወል ስም ሆነ። አንድ ዕቃ ስሙ የወል ስም ሲሆን የሕዝብ ሀብት ሆኗል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሲናገሩ ግን ሚዛን መጠበቅ ያሻል። የላዳ ዕድሜ መርዘም ሙሉ በሙሉ የሚመሰገን ነገር አይደለም። የቶሊያቲው ፋብሪካ መሠረታዊ ንድፉን ሳይለውጥ ለአርባ ዓመታት ማምረቱ ከጽናት ብቻ ሳይሆን ተወዳዳሪ ካለመኖርና ከአስተዳደር መዘግየትም የመጣ ነበር። ከ17 ሚሊዮን በላይ ከተመረቱ በኋላ የዚህ ቤተሰብ የመጨረሻዎቹ መኪናዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ከፋብሪካው ሲወጡ፣ ዓለም በደህንነት፣ በነዳጅ ቁጠባና በአየር ንጽሕና ረገድ ብዙ ርቆ ሄዶ ነበር። በአዲስ አበባም የአሮጌ ላዳ ጭስ የመንገደኛውን ሳንባ ጎድቷል፤ ያረጀ ፍሬን በቁልቁለት ላይ ያለ ሰውን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል። ለነጂውም ቢሆን ከገቢው ብዙው ወደ ጋራዥ የሚመለስበት ሥራ የድካም ሥራ ነው። ድህነት ያስገደደውን ነገር እንደ ምርጫ አድርጎ ማሞገስ ተገቢ አይደለም።

ለውጡም መጥቷል። በሞባይል ስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች በመስኮት የሚደረገውን ድርድር ወደ ጎን ገፍተውታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፤ የኤሌክትሪክ መኪናም በከተማው መንገዶች ላይ በርከት ብሎ መታየት ጀመረ። በመስከረም ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ የተራራውን ገጽታ ለውጦታል። ቀድሞ ማገዶ የተሸከሙ እናቶችና ዳገት የከበዳቸው መኪናዎች በሚታዩበት አካባቢ ዛሬ ለመዝናናት የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው የእንጦጦ ስስ አየር አያደክመውም፤ አቀበቱን ያለ ጩኸት ይወጣዋል።

በእርግጥም ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አዲሱ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ካርቡራቶርና ማርሚታም የለውም፤ ፍሪሲዮንም አያስፈልገውም። ስለዚህ ከላዳ ጋር የሚሄደው ብረት ብቻ አይደለም። ከወረራ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመ የሙያ ቋንቋ፣ በጆሮና በመዳፍ የሚታወቅ ዕውቀት፣ ከአለቃ ወደ ረዳት የሚተላለፍ የትምህርት ሥርዓትም አብሮ ሊሄድ ይችላል። የቱሪኑ ኩፔ ከተቋረጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፈውም አልጠፋም፤ ወዳጆቹ ክፍሎቹን እየፈለጉ፣ ታሪኩን እየጻፉ፣ እያደሱ ያቆዩታል። ለዚያ ያበቃው ውበቱ ነው። ላዳ ውበት የላትም፤ ጌጥ አድርጎ የሚያስቀምጣት ሰው ጥቂት ነው። የሥራ መሣሪያ የሆነ ነገር ሁሉ ዕጣው እንዲህ ነው፤ ሲያገለግል አይታይም፣ ሲያረጅም ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል።

በመሆኑም የቅርስ ትርጉም ከዘውድና ከብራና አልፎ እስከ ጋራዡ ደጃፍ ሊደርስ ይገባዋል። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ሰፈሩ ጋራዥ ሄዶ የሙያውን ቃላት ከነትርጉማቸውና ከነአነጋገራቸው ቢመዘግብ ለአማርኛ መዝገበ ቃላት ብርቱ አስተዋጽኦ ያደርጋል። ሠዓሊውና ፎቶግራፍ አንሺው ሰማያዊውንና ነጩን ቀለም፣ በዘይት የጠቆረውን እጅ፣ በመስታወት ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ሳይጠፋ ሊይዙት ይችላሉ። የባህል ተቋማትም አንዲት ላዳን ከነሙሉ ልብሷ፣ ከጎኗም ያኖሯትን መፍቻና ሞረድ አድርገው ቢያስቀምጡ ወጪው ከባድ አይሆንም። የሚቀመጠው የፋብሪካ ሥራ ብቻ እንዳይመስል በአጠገቧ ሊጻፍ የሚገባው ጽሑፍ አጭር ነው፤ ንድፏ ከቱሪን፣ ብረቷ ከቮልጋ፣ ዕድሜዋ ግን ከኢትዮጵያዊው መካኒክ እጅ የተገኘ ነው።